ሙዚቃዊ ፊልም እንዴት ይሠራል? አሪፉን ከቀሽሙ የሚለየውስ ምንድን ነው?

በ2023 መጨረሻ «ዎንካ» ወደ ሲኒማ ቤቶች ሲመጣ ማስታወቂያው አንድ ነገር ደብቆ ነበር። ፊልሙ በዘፈን የተሞላ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ግን ዘፈን የለም ማለት ይቻላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የወጣው «ሚን ገርልስ»ም እንዲሁ አደረገ። ትኬት ቆርጦ ከገባው ተመልካች ብዙው ምን ዓይነት ፊልም ሊያይ እንደመጣ ያወቀው ተዋናዮቹ መዝፈን ሲጀምሩ ነው። የስቱዲዮዎቹ ፍርሃት ግልጽ ነው። «ሙዚቃዊ ፊልም» ሲባል ገና ስሙን ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር ሰው ብዙ ነው።

ከዚያ በኖቬምበር 2024 «ዊክድ» መጣ። ሙዚቃዊ ፊልም መሆኑን አልሸሸገም። በዓለም ዙሪያ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። (እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዱ አምስት ደቂቃ መታገሥ የሚያቅተው፣ ሌላው ደግሞ ሃያ ጊዜ ደግሞ የሚያየው ይህ ነገር ምንድን ነው? እንዴትስ ነው የሚሠራው?

ሙዚቃ ያለበት ፊልም ሁሉ ሙዚቃዊ ፊልም ነው?

አይደለም። ሙዚቃ የሌለው ፊልም ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ሰው ሲሳደድ ከበሮው ይፈጥናል፤ ፍቅረኞች ሲለያዩ ፒያኖ ይሰማል። ይህ ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። የሚሰማው ለተመልካቹ ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ አይሰሙትም።

ሙዚቃዊ ፊልም ውስጥ ግን የሚዘፍኑት ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ናቸው። ዘፈኑም ከታሪኩ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። አንዲት ልጅ ዘፈኑን ስትጀምር ከቤት መውጣት ትፈራለች እንበል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። በንግግር ሦስት ትዕይንት ይፈጅ የነበረው ነገር በሦስት ደቂቃ አለቀ ማለት ነው።

ዘፈን ወደ ፊልሙ የሚገባባቸው መንገዶች ይለያያሉ። አንዳንዱ ፊልም ለዘፈኑ ምክንያት ይሰጠዋል። ገጸ ባሕሪዋ ዘፋኝ ናት፤ መድረክ አለ፣ ማይክ አለ፣ ታዳሚ ተቀምጧል። ሌላው ምክንያት የሚባል ነገር አይሰጥም። ሰውየው መንገድ ላይ እየሄደ ይዘፍናል፤ ከሰማይ ይሁን ከምድር ያልታወቀ ኦርኬስትራ ያጅበዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ዳንሱን እንደተለማመደው ሁሉ አብሮ ይገባል። በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው የሄዱም አሉ። ፈረንሳዊው ዣክ ደሚ በ1964 ባወጣው «የሼርቡር ጃንጥላዎች» ውስጥ ያለ ዜማ የሚነገር አንድም ቃል የለም። ፊልሙ ሲጀምር ጋራዥ ውስጥ ስለ መኪና ሞተር የሚወራው ወሬ ሳይቀር ይዜማል። መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ጆሮ ይለምደዋል። ልጁ ለአልጄሪያው ጦርነት ሲመለመልና ፍቅረኛው ባቡር ጣቢያ ስትሸኘው ሰው እየዘፈነ መሆኑን እንኳ ትረሳላችሁ። ፊልሙ በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫልን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ።

«ሰው እኮ ድንገት ተነስቶ አይዘፍንም!»

ሙዚቃዊ ፊልም የማይወዱ ሰዎች በብዛት የሚያነሱት ቅሬታ ይህ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አይዘፍንም። ግን ፊልም ውስጥ ማንም የማያደርገው ነገር ሞልቷል። ሰው ሕልም ሲያይ አብረነው እናያለን። በልቡ የሚያስበውን በድምፅ እንሰማለን። አሥር ዓመት በአንድ ሰከንድ ያልፋል። እነዚህን ሁሉ ያለ ጥያቄ ተቀብለናቸዋል። ዘፈኑም ከእነዚሁ እንደ አንዱ ነው። ሰው በውስጡ ያለውን ወደ ውጭ የሚያወጣበት መንገድ ነው።

በሙያው ያሉ ሰዎች የሚመሩበት የቆየ ሐሳብ አለ። ስሜቱ ለንግግር ሲበዛ ይዘፈናል፤ ለዘፈንም ሲበዛ ይጨፈራል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ዘፈኑ መጣ አልመጣ አይደለም፤ መምጣት ባለበት ሰዓት መምጣቱ ነው። ገጸ ባሕሪው ገና ምንም ሳይሰማው ቢዘፍን ውሸት ይሆናል። በቃላት ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ቢዘፍን ደግሞ ድግግሞሽ ነው።

ከዚህ ተነስቶ እኔ አንድን ሙዚቃዊ ፊልም የምመዝንበት ቀላል ፈተና አለኝ። ዘፈኑን ባወጣው ታሪኩ ይቆማል ወይ? ከግድግዳ ላይ ሥዕል ብታወርዱ ቤቱ ምንም አይሆንም። ምሰሶውን ብትነቅሉ ግን ይፈርሳል። ምርጥ በሚባሉት ፊልሞች ውስጥ ዘፈኖቹ ምሰሶ ናቸው።

አንድ ዘፈን ታሪክን ያን ያህል መሸከም ይችላል?

ይችላል። እንዲያውም ታሪኩን ገልብጦ የጣለበት ጊዜ አለ። «ፍሮዝን» በ2013 ከመውጣቱ በፊት የበረዶዋ ንግሥት ኤልሳ የታሰበችው ክፉ ሆና ነበር። ክሪስተን አንደርሰን-ሎፔዝና ሮበርት ሎፔዝ «ሌት ኢት ጎ»ን ጽፈው አመጡ። ዘፈኑ የአንዲት ክፉ ሴት ዘፈን አይደለም። ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትደብቅ የኖረች፣ አሁን ብቻዋን ተራራ ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትተነፍስ ልጅ ዘፈን ነው። ሠሪዎቹ ይህን ሰምተው ልጅቷን ክፉ አድርገው መቀጠል አልቻሉም። ድርሰቱን መልሰው ጻፉት።

እንዲህ ከባድ ሸክም የሚሸከም አንድ የዘፈን ዓይነት አለ፤ የምኞት ዘፈን ልንለው እንችላለን። ፊልሙ ሲጀማምር ዋናዋ ገጸ ባሕሪ አንድ ቦታ አረፍ ብላ ከሁሉ በላይ የምትፈልገውን ነገር ትዘፍናለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ ለዚያ ምኞት የሚሰጥ መልስ ነው። ይህን ሥርዓት ጠንቅቀው ከሚያውቁት አንዱ ሃዋርድ አሽማን ነበር። ከቲያትር ወደ ካርቱን ፊልም የመጣ የግጥም ደራሲ ነው፤ ከዜማ ደራሲው አለን ሜንከን ጋር የ1989ኙን «ዘ ሊትል መርሜይድ» ሠራ። እዚያ ያለው «ፓርት ኦፍ ዩር ዎርልድ» የምኞት ዘፈን ነው። ፊልሙ ለሙከራ ለልጆች ሲታይ ልጆቹ በዚህ ቦታ ተቁነጠነጡና በስቱዲዮው ዘንድ «ይውጣ» የሚል ሐሳብ ተነሳ። አሽማን ፍንክች አላለም። እስቲ ዘፈኑን አውጥታችሁ አስቡት። ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነችው ልጅ ድምፅዋን ሰጥታ እግር ስትገዛ የምናየው የአንዲት ቅብጥ ልጅ ሞኝነት ይሆን ነበር። ዘፈኑ ስላለ ግን ምን ያህል እንደፈለገችው እናውቃለን፤ ስለዚህ እናዝንላታለን። አሽማን በ1991 በኤድስ ሕመም አረፈ። የመጨረሻ ሥራዎቹ ከሆኑት አንዱ፣ «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት»፣ ሲኒማ ቤት ሲገባ አላየውም።

ከ«ዘ ሊትል መርሜይድ» ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1939 «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ላይ ተመሳሳይ ነገር ሊደርስ ነበር። ከሙከራ ዕይታ በኋላ የስቱዲዮ ሰዎች «ኦቨር ዘ ሬንቦው» ፊልሙን ያጓትታል ብለው ሊቆርጡት ፈለጉ። ተሟጋች አገኘና ቀረ። ከዚያም የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ኦስካር ወሰደ። ዘፈኑ የሚዘፈንበት ክፍል ቀለም የለውም፤ ቡናማ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ዋናዋ ገጸ ባሕሪ ዶሮቲ የተመኘችው ቦታ ስትደርስ ነው። ስለ ቀስተ ደመና የዘፈነችው ቀለም በሌለበት ዓለም ውስጥ ሆና ነው ማለት ነው። ዘፈኑ ቢወጣ ኖሮ የቀለሙ መምጣትም ግማሽ ትርጉሙን ያጣ ነበር።

የምንሰማው ድምፅ የማን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአብዛኞቹ ሙዚቃዊ ፊልሞች ውስጥ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ሲዘፍን የምንሰማው ድምፅ በዚያ ሰዓት የወጣ አይደለም። ዘፈኑ ቀደም ብሎ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል። ቀረፃው ቀን የተቀዳው በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ተዋናዩ ከንፈሩን እያገጣጠመ ይጫወታል። ፕሌይባክ የሚባለው ይኸው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እየዘለሉ ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት አይቻልም። አንድ ዘፈን ደግሞ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ይቀረፃል፤ ድምፁ በየጊዜው ቢለያይ መቁረጥና መቀጠል አይቻልም።

ድምፁ አስቀድሞ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ማርኒ ኒክሰን የምትባል ድምፃዊት በ1956 ለዴቦራ ኬር፣ በ1961 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ለናታሊ ውድ፣ በ1964 «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ለኦድሪ ሄፕበርን ዘፍናለች። በወቅቱ ስሟ በፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። ዓለም በሙሉ ድምፅዋን ያውቀው ነበር፤ እሷን ግን የሚያውቃት አልነበረም። በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» ላይ መነኩሲት ሆና ስትቀርብ ነው ፊቷ ከድምፅዋ ጋር የታየው።

ከሁሉ የሚገርመው የ1952ቱ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ነው። ታሪኩ ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ነው። ጊዜው 1927 ነው፤ «ዘ ጃዝ ሲንገር» ወጥቶ ድምፅ አልባው ፊልም ማክተም የጀመረበት። አንዲት ዝነኛ ተዋናይት መልኳ ሌላ፣ ድምፅዋ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ካቲ የምትባል ወጣት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ድምፅ ትሰጣታለች። በገሃዱ ዓለም ግን ካቲን የምትጫወተው ዴቢ ሬይኖልድስ በዚያ ቦታ የምትዘፍነው «ዉድ ዩ» የተሰማው በሌላ ድምፃዊት፣ በቤቲ ኖይስ ነው። ካቲ ለተዋናይቷ ንግግር ስትሰጥ የምንሰማው ደግሞ የዚያችው «ድምፅዋ አይረባም» የተባለችው ተዋናይት፣ የጂን ሄገን የራሷ ድምፅ ነው። ሥራቸው ያልታየላቸውን ድምፃውያን የሚያነሳው ፊልም ራሱ አንዷን ደብቋል።

የህንድ ሲኒማ በዚህ ረገድ የበለጠ ሐቀኛ ነው እላለሁ። እዚያ ተዋናዩ እንደማይዘፍን ሁሉም ያውቃል። ዘፋኞቹ በራሳቸው ስም የተከበሩ ናቸው። ላታ ማንጌሽካር ለበርካታ ትውልድ ተዋናዮች ድምፅ ሰጥታለች፤ ዝናዋም ከብዙዎቹ ይበልጥ ነበር።

በቀረፃው ሰዓት በቀጥታ መዝፈንም አለ። በ2012 «ሌ ሚዜራብል» ላይ ተዋናዮቹ ጆሯቸው ውስጥ ትንሽዬ ማዳመጫ ከተቱ። ፒያኖ ተጫዋቹ እነሱን እየተከተለ አጀባቸው። ኦርኬስትራው የተጨመረው በኋላ ነው። ይህ ነገሩን ይገለብጠዋል። በፕሌይባክ ተዋናዩ ከወራት በፊት የወሰነውን ስሜት ይከተላል፤ እዚህ ግን ሙዚቃው ተዋናዩን ይጠብቃል። አን ሃታዌይ ዘፈኗን መሃል ላይ ብታቋርጥ፣ ብታለቅስ፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ፒያኖው አብሯት ይቆማል። ካሜራው ፊቷ ላይ ሆኖ ሳይቆራረጥ ያያታል። ድምፅዋ ይሰነጠቃል። በስቱዲዮ ቅጂ ቢሆን «ይደገም» ይባል ነበር፤ እዚህ ግን ኦስካር አስገኘላት።

ካሜራው ምን ይጨምራል?

መድረክ ላይ ሊሆን የማይችለውን ነገር ይጨምራል። የጭፈራ አቀናባሪው ባዝቢ በርክሊ በ1930ዎቹ ካሜራውን ጣሪያ ላይ ሰቀለው። በደርዘን የሚቆጠሩ ጨፋሪዎች ከላይ ሲታዩ ሰው መሆናቸው ቀርቶ የሚከፈትና የሚዘጋ አበባ ይሆናሉ። ሰውየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የወታደር ሰልፍ ያሠለጥን ነበር፤ በሥራው ላይ ይታያል።

ፍሬድ አስቴር ደግሞ ተቃራኒውን ፈለገ። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲታይ፣ ቀረፃው እንዳይቆራረጥ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጭፈራው ሙሉ ሆኖ ከታየ ተመልካቹ እንዳልተታለለ ያውቃል። ከጂንጀር ሮጀርስ ጋር የሠራቸውን 10 ፊልሞች ዛሬ ያየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። አሁን አሁን በየሁለት ሰከንዱ የሚቆረጥ ጭፈራ በዝቷል። እግር ይታያል፣ ፊት ይታያል፣ እጅ ይታያል፤ ሲጨፍር ግን አይታይም። ለእኔ የብዙ አዳዲስ ሙዚቃዊ ፊልሞች ትልቁ ድክመት ይህ ነው።

«ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ላይ ጂን ኬሊ በዝናብ የሚጨፍርበትን ትዕይንት ቀስ ብላችሁ እዩት። ፍቅረኛውን ስሞ ከበሯ ይወጣል። የሚጠብቀውን መኪና «ሂድ» ይለዋል። ጃንጥላውን ይዘጋል፤ ያኔ ነው ነገሩ የሚገባን። ሰውየው መርጠብ አላሳሰበውም። የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ከጣሪያ የሚወርደው አሸንዳ ፊቱ ላይ እንዲፈስስ ይቆማል። መጨረሻ ላይ ኩሬ ውስጥ እንደ ሕፃን ይንቦጫረቃል። ካሜራው ለደስታው ቦታ እንደሚለቅ ሆኖ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሸሻል። ከዚያ ፖሊስ ይመጣል። ኬሊ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጃንጥላውን ለአንድ መንገደኛ ሰጥቶ ይሄዳል። ይህን ሲሠራ ትኩሳት ላይ ነበር። ዝናቡ እንዲታይ ወተት ተቀላቅሎበታል የሚባለው ወሬ ነው፤ ያሳየው ከኋላ የመጣው መብራት ነው። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ሴራ የለም፣ ግጭት የለም። አንድ ሰው መደሰቱን ብቻ ነው የምናየው። «በጣም ተደስቻለሁ» ብሎ ቢናገረው ኖሮ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ደስታ ብቻ ነው እንዴ የሚዘፈነው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። የቦብ ፎሲን «ካባሬ» ያላየ ሰው እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም። ፊልሙ የወጣው በ1972 ነው፤ ቦታው ናዚዎች ሥልጣን ሊይዙ ጥቂት የቀራቸው በርሊን ናት። ዘፈኖቹ የሚዘፈኑት የምሽት ክበብ ውስጥ ነው። ከአንዱ በስተቀር።

ያ አንዱ የሚዘፈነው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰዎች ዛፍ ጥላ ሥር ቢራ በሚጠጡበት ቦታ ነው። አንድ መልከ መልካም ልጅ ይዘፍናል። ድምፁ ያምራል፤ ግጥሙ ስለ ተፈጥሮ ነው። ካሜራው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት ይታያል። አንዲት ልጅ ተነስታ ታጅበዋለች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዜማው ከለስላሳነት ወደ ሰልፍ ይለወጣል። ሁሉም ቆመው እየዘፈኑ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቁጭ ብለው ይቀራሉ። ናዚዎች እንዴት ሕዝቡን እንደያዙ ፊልሙ በንግግር አያስረዳም። ዜማው ለእኛም ጥሞን ነበር፤ ነገሩ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። ፊልሙ 8 ኦስካር ወሰደ።

የህንድ ፊልሞችስ?

ህንድ የመጀመሪያውን ባለ ድምፅ ፊልሟን «አላም አራ»ን በ1931 ስታወጣ 7 ዘፈኖች ነበሩበት። ከዚያ ጀምሮ ዘፈን ለብቻው የተለየ ዘርፍ ሳይሆን የፊልም የተለመደ አካል ሆኖ ቀረ። የፍቅሩም የወንጀሉም ፊልም ይዘፈንበታል።

ከእነዚህ ውስጥ የ2001ዱን «ላጋን» አንሳለሁ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1893፣ ዝናብ የራቃት አንዲት መንደር አለች። ግብሩ ይመጣል፤ እህል ግን የለም። አንድ ቀን ጥቁር ደመና ይታያል። የዜማ ደራሲው የኤ አር ራህማን ከበሮ ይጀምራል። ወጣቱም ሽማግሌውም ወጥቶ ይጨፍራል፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጓል። ከዚያ ደመናው ያልፋል። አንድ ጠብታ እንኳ አልወረደም። ከዚያ በኋላ ስለ ድርቁ ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም። ተስፋ አብረናቸው አድርገናል፤ አብረናቸው አጥተናል።

በሌላ በኩል በ1998 «ዲል ሴ» ላይ ሻህ ሩክ ካን በሚሄድ ባቡር ጣሪያ ላይ የሚጨፍርበት ዘፈን አለ። ይህኛው የእኔን ፈተና ይወድቃል። ብታወጡት ታሪኩ አይፈርስም። ግን ባቡሩ በተራሮች መሃል ሲጠማዘዝ፣ ጨፋሪዎቹ ከባቡሩ ጋር ሲወዛወዙ እያየ «ይህ ይውጣ» የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ አንዳንዴ ጌጥም ከምሰሶ እኩል ይቆጠራል፤ እዚያ ደረጃ መድረስ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነው።

ለምን ብዙዎቹ ይወድቃሉ?

ባጭሩ፣ የተሳካውን ለመኮረጅ ስለሚጣደፉ ነው። ድምፅ እንደመጣ ስቱዲዮዎች ሙዚቃዊ ፊልም አጥለቀለቁ፤ በ1930 ገደማ ሰው ሰለቸውና ከተሠሩ ፊልሞች ላይ ዘፈን መቁረጥ ተጀመረ። «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ» ገንዘብ ሲያፍስም እንዲሁ ሆነ። «ዶክተር ዱሊትል» እና «ሄሎ ዶሊ» ተከትለው ብዙ ወጪ ወጣባቸው፤ አከሰሩ። በ2019 የወጣው «ካትስ» ችግሩ ሌላ ነው። መድረክ ላይ ድመት የመሰለ ልብስ የለበሰ ሰው ሲታይ ሰው እሺ ብሎ ይቀበላል። ካሜራው ተጠግቶ፣ ሰውነቱን በኮምፒዩተር ፀጉር ሸፍኖ ሲያሳየው ግን ዓይን እምቢ አለ።

ከየት ልጀምር?

ዘፈን የማይመቻችሁ ከሆነ ከ«ካባሬ» ወይም ከ2002ቱ «ሺካጎ» ጀምሩ። በሁለተኛው ዘፈኖቹ የሚከናወኑት በአብዛኛው በዋናዋ ገጸ ባሕሪ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ድንገተኛነታቸው አይረብሽም። ጭፈራ ለሚወድ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»። «ላጋን» ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚሄድ ሥራ የሌለበት ቀን ይመረጥለት። «የሼርቡር ጃንጥላዎች» በመጨረሻ ይታይ፤ ጆሮ ሌሎቹን ከለመደ በኋላ ይበልጥ ይጥማል። ሁሉንም ደግሞ በምትችሉት ሁሉ ጥሩ ድምፅ ባለው መሣሪያ እዩአቸው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ የታየ ሙዚቃዊ ፊልም ግማሹ አልታየም።